ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወዳጄ ቡና ላይ ጥያቄ አነሳችብኝ። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በላፕቶፗ ብቻ፣ በኢንተርኔት የግራፊክ ዲዛይን ሥራ ትሠራለች። አሁን አንድ ድርጅት የዓመት ውል ሊሰጣት ፈልጎ “ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ አምጪ” ብሏታል። “ወንድሜን ለስሙ ያህል አስገብቼ ፒ ኤል ሲ ላቋቁም?” አለችኝ።

“እስቲ ቆዪ” አልኳት። ጉዳዩ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቀላሉ መንገድ በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ነው። መመሥረቻ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን በሕግ ፊት ነጋዴዋና ንግዷ አንድ ናቸው። ሥራው ከስሮ ዕዳ ቢመጣ ባለገንዘቡ ላፕቶፑን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የግል ንብረቷንም ይጠይቃል። ባለትዳር ከሆነች ደግሞ ከባሏ ጋር ያፈሩት የጋራ ሀብት ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ይገባል።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን ከባለቤቱ የተለየ የራሱ ሰውነት አለው። በመሠረቱ ዕዳው የማኅበሩ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቢያንስ ሁለት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ብዙዎች እህት ወይም ወንድም ለስም ያስገቡ ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረ ድርሻ ግን እውነተኛ ድርሻ ነው። ነገ ወንድም ቢሞት ወራሾቹ፣ ቢጣሉም እሱ ራሱ “ድርሻዬን” ማለቱ አይቀርም።

ደግነቱ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ሥራውን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት። ወንድም የሚታመን ከሆነ ቦታው እዚህ ነው።

ግብሩንም አስሉት። ግለሰብ የሚከፍለው ትርፉ ባደገ ቁጥር እየጨመረ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ማኅበር ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል፤ የተረፈው ለባለቤቱ ሲከፋፈል ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። ገቢው ትንሽም ቢሆን የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግድ ስለሆነ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ ይጨመርበታል።

የማኅበሩ ከለላም ገደብ አለው። ባንክ ሲያበድር የባለቤቱን የግል ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። የማኅበሩን ገንዘብ ለአስቤዛ የሚያወጣ ሰውም ያንን ከለላ በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። የባንክ ሒሳቡ ከመጀመሪያው ቀን ይለይ።

እንግዲህ ሥራችሁ ጀማሪ፣ ብድርም ሆነ ከባድ ውል የሌለው ከሆነ በግለሰብ ጀምሩ። የወዳጄ ውል ግን ለዘገየ ሥራ ቅጣት አለው። ስለዚህ ማኅበሩን ብቻዋን እንድታቋቁም፣ ከመፈረሟ በፊትም ውሉን ለጠበቃ እንድታሳይ መከርኳት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።