ጥሩምባው ለተቀረቀረም ይነፋ

ወልድያን ከቆቦ በሚያገናኘው አስፓልት ላይ እስካለ ድረስ ሹፌር የሚፈራው ነገር ጥቂት ነው። ጎብዬ ላይ ታጥፎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደውን የአፈር መንገድ ከያዘ በኋላ ግን፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ነገሩ ይለወጣል። የራያ ሜዳ ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይደፍናል። ያን ጊዜ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ፣ ተማሪ ያሳፈረው ባጃጅና ምጥ የያዛት እናት የተኛችበት አምቡላንስ አንድ ይሆናሉ። ጎማው በባዶው ይሽከረከራል፤ በተሽከረከረ ቁጥርም የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ረዳቱ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእኛ እጅ ነው።

የጎብዬ፣ የሮቢት፣ የቆቦ ዙሪያ ሰዎች ሆይ፣ እውነቱን እንነጋገር። የተቀረቀረ መኪና አይተን ፊታችንን አዙረን የምናልፍ ሰዎች አይደለንም። ሆ ብለን እንገፋለን፤ ጭቃው ፊታችን ላይ ተረጭቶ እየሳቅን እንመለሳለን። ችግሩ የምንደርሰው በአጋጣሚ መሆኑ ነው። እረኛ ካለ፣ አራሚ ካለ፣ ከገበያ የሚመለስ ካለ ይደረሳል። አንዱ ገመድ ፍለጋ ወደ መንደር ይሮጣል፣ ሌላው አካፋ ለመዋስ በር ያንኳኳል፣ ሦስተኛው ቆሞ ምክር ይሰጣል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። አምቡላንስ ውስጥ ያለችው ሴት ደም እየፈሰሳት ከሆነ ያ ሰዓት ዋጋው ስንት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

አዲስ ማኅበር እናቋቁም አልልም። ማኅበር ሞልቶናል፤ የቀብር መረዳጃችን ቅሬ አለን። ቅሬ ዳኛ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ቀሪውን የሚቀጣበት ሕግ አለው፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው የሚያሰባስብበት ጥሩምባ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀባሪ ሆኖ በአንድ የሚቆምበት ቦታ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ቁልቁለቱን የወጣና የወረደ ሕዝብ አምቡላንስን ከጭቃ ለማውጣት የሚያንሰው ነገር የለም። የጎደለው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ የመንደር ጥሩምባ ለሞተው እንደሚነፋ ሁሉ በመንገድ ለቀረውም ይነፋ።

ውሳኔው እንዲህ ይሁን። እያንዳንዱ ቅሬ በክረምት ወራት በተራ የሚጠሩ ጎበዛዝት ይመድብ። አንድ ጠንካራ ረጅም ገመድ፣ ቢቻል ካቦ፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማና ሁለት ወፍራም ጣውላ ገዝቶ ከመጥፎው ቦታ አጠገብ ባለ ቤት ያስቀምጥ። የዚያ ቤት ባለቤትና የተረኞቹ ስልክ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ ሹፌሮች ሻይ በሚጠጡበት ቤት በርና አምቡላንሱ ጋቢና ውስጥ ይለጠፍ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር።

አወጣጡም ቢሆን ጉልበት ብቻ አይደለም። ጭቃው ከሚጎዳን ይልቅ ችኮላችን የሚጎዳን ጊዜ ይበዛል። መጀመሪያ ሹፌሩ ነዳጅ መስጠቱን ያቁም። ተሳፋሪው ይውረድ፣ የሚራገፍ ጭነት ይራገፍ። ከጎማው ፊትና ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለው ጭቃ ተዝቆ ይውጣ፤ መኪናውን አንቆ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሆዱ ሥር ያለው ነውና። ከዚያ ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ፣ የማሽላ አገዳ ከጎማው ሥር ይነጠፍ። የጎማውን ነፋስ በመጠኑ ማስተንፈስ መሬት የሚይዝበትን ስፋት ይጨምርለታል፤ አስፓልት ላይ ሲደርስ መልሶ መሙላት ግን የሹፌሩ ግዴታ ነው። ክሪክ ሲያስፈልግ ከሥሩ ጣውላ ይደረግ፤ አለዚያ ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ገመድ ሻንሲው ላይ እንጂ ፓራውልት ላይ አይታሰር። ሲጎተት ደግሞ ሕፃን አዋቂ ሳይባል ሁሉም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ ተወጥሮ የሚበጠስ ካቦ ሰው ይገድላል። ብዙውን ጊዜ ቀላሉ መውጫ ወደፊት ሳይሆን ወደመጡበት ነው። ይህን ሹፌሮች አይወዱትም፤ ወደኋላ መመለስ ሽንፈት ይመስላቸዋል።

ወንዝ ግን ሌላ ነው። ጎሊናና ሆርማት ከምዕራብ ከደጋው ነው የሚወርዱት። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ የዘነበው በድንገት ይደርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ጎርፍ እየመጣ ከሆነ ሰው ይውጣ፣ መኪናው ይቅር። ከእጃችን የማይለየው ዱላ ለዚህም ይሁን፤ ጥልቀቱ በዱላ ሳይለካ ማንንም «ግባ፣ ይሻገራል» አንበል። የማያውቀውን ሹፌር ማደፋፈር ውለታ አይደለም።

ስለ ገንዘብም ሳናፍር እናውራ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ለማውጣት እርሻውን ትቶ ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ የዋለ ልጅ የምሳ ቢጠይቅ እኔ አልወቅሰውም። ነጋዴው ሽንኩርቱ ቢበሰብስ የሚከስረውን ያውቃል፤ መክፈል ይችላል። ነገር ግን ዋጋው በጨለማ፣ በዝናብ፣ ሰው ጨንቆት ባለበት ሰዓት አይተመን። ቅሬው በብርሃን፣ በስብሰባ ይተምነው፤ ከሚከፈለውም ድርሻው ወደ ቅሬው ሣጥን ገብቶ ገመድና ጣውላ ይግዛ። በሽተኛ፣ ወላድ፣ አስከሬንና ተማሪ የያዘ መኪና ግን በነጻ ይውጣ። እዚህ ላይ ድርድር የጀመረ ሰው፣ ከቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣውን ቅጣት ይቀጣ።

ሹፌሮችም ድርሻችሁን ተወጡ። ጭቃውን ሸሽታችሁ በማሽላው መካከል አትንዱ። አንዱ ያለፈበትን ሌላው ይከተላል፤ በሦስተኛው ቀን የአንድ ገበሬ የዓመት ቀለብ መንገድ ይሆናል። ገበሬው እሾህ ቢያጥር እውነት አለው። ከአስፓልቱ ከመውረዳችሁ በፊት ጎብዬ ላይ አንድ ሰው ጠይቁ፣ ጭነት አሳንሱ፣ አካፋ ሳትይዙ አትውረዱ።

ይህ ሁሉ ግን መኪናው ከተቀረቀረ በኋላ የሚደረግ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ወሎ ከባድ ነገር የመጎተት ታሪክ አለው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መቅደላ አድርሰዋል። በዚያ ጉዞ ሰው በገመድ መሳቡን ሁሉም ያስታውሳል፤ አስቀድሞ መንገዱ መቆረጡን፣ ድንጋዩ መነሣቱን፣ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው መሥራታቸውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ያ ሥራ በግድ ነበርና ለትእዛዙ ብዬ አላመጣሁትም። ያመጣሁት ለቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ ጎማ።

በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ልማት እንወጣለን፤ እርከን እንሠራለን፣ ድንጋይ እንደረድራለን። ከእነዚያ ቀናት ጥቂቱ መኪና በየክረምቱ ለሚሰምጥባቸው ቦታዎች ይዋል። ቦታዎቹን የማያውቅ የለም። ድንጋይ ይነጠፍ፣ ጠጠር ይፍሰስበት፣ የጎን ቦዩ ይጠረግ። እዚህ ላይ የራያ ገበሬ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ መንገዱን የሚቆርጠው ጎርፍ ማሽላውን የሚያጠጣው ጎርፍ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ስለዚህ ውሃውን የመንገዱ ጠላት አድርገን አናባርረው፤ በድንጋይ በተነጠፈ መሻገሪያ እናሻግረውና ወደ እርሻ እንምራው። በትግራይም በአማራ ክልልም የመንገድን ጎርፍ ወደ ማሳ መምራት ተሞክሯል፤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወረዳው ከዚህ ነጻ ይሁን ማለቴ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን የሚያገናኙ መንገዶች በየቦታው ተከፍተዋል፤ የተከፈተ መንገድ ደግሞ ጥገና ካላገኘ ኮረኮንቹ ታጥቦ አፈሩ ይቀራል። ቱቦና ድልድይ ቅሬ አይሠራም። ቅሬዎች ክፉ ክፉ ቦታዎችን በስም ዘርዝረው፣ ማኅተም አድርገው ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ መልሱንም በየስብሰባው ይጠይቁ። የራሱን ድርሻ የሠራ ሕዝብ ሲጠይቅ አፉን ሞልቶ ይጠይቃል።

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በቆቦ ዙሪያ የሰሜኑ ጦርነት እንደገና ሲቀሰቀስ ክረምት ነበር። ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ በዝናብ ወራት የተሰደደ ሰው መንገድ ምን እንደሆነ ሊነገረው አይገባም። ያ ወር በየዓመቱ ይመለሳል፤ ጭቃውም አብሮ።

አንባቢዬ፣ ሰኔ ሳይገባ በምትሄድበት የቅሬ ስብሰባ ላይ ተነሥና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ገመዱ በማን ቤት ይቀመጥ? እጁን ያወጣው ሰው ስሙ እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ለገመዱም መግዣ በዚያው ዕለት ይዋጣ።