ከሰሉ ቢቀላም መርዙ አይጠፋም

ሱሉልታ የኖረ ሰው የኅዳርን ውርጭ በሚገባ ያውቀዋል። በቡራዩና በሰበታም ቢሆን ሌሊቱ ቀላል አይደለም። በእነዚህ አዲስ አበባን በከበቡ ከተሞች በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። ብርዱ ሲበረታ በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ቀዳዳ በፌስታል ይደፈናል፣ ራት የተሠራበት የከሰል ማንደጃም ቤቱን እንዲያሞቅ እዚያው ያድራል። ጠዋት ራሱን እያመመው የተነሣ ሰው «ማታ ከሰል መታኝ» ይላል፤ ቡና ላይ ይሳቅበታል። ማታ ግን ማንደጃው ተመልሶ ይገባል።

ከሞት ለጥቂት ማምለጥን እንደ ቀልድ የማለፍ ልማዳችን ያሳስበኛል። ይህን ስል ግን ራሴን ከስህተት ነፃ አድርጌ አይደለም።

ሱሉልታ አካባቢ ስሠራ አንዲት እናት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ወደ እኔ መጡ። መጀመሪያ ማስታገሻ ሰጠኋቸው። ቀጥሎ ጨጓራ ነው አልኩ። በሦስተኛው የታይፎይድ ምርመራ ልጽፍ ስል፣ አብራኝ የምትሠራ አንጋፋ ነርስ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያመው ሰው አለ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሁለቱ ልጆቻቸውም ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን እንደሚያማቸው፣ ከቤት ወጣ ሲሉ ግን ሁሉም እንደሚሻላቸው ነገሩን። ማታ ማታ ከሰል ያስገቡ ነበር። «ታዲያ ይህን ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «መቼ ጠየቁኝ፣ ዶክተር?» ብለው መለሱልኝ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኔ ግን ጋወን ከተለበሰ በኋላም መማር እንደማያበቃ ከነርሷና ከታካሚዬ ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያነድ ሳልጠይቅ አላሰናብትም።

እኚህ እናት ግዴለሽ አልነበሩም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ አልቆ ሲቀላ ነበር የሚያስገቡት። ብዙዎቻችንም ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለናል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላ ከሰልም ይወጣል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን አንጎሉና ልቡ ኦክሲጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ከሰል በተኛችሁበት ቤት አይደር። ከተቻለ ምግቡን ውጭ አብስሉ፤ ካልተቻለ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ከመተኛታችሁ በፊትም ማንደጃውን አውጡ። ብርዱን በብርድ ልብስና በልብስ መከላከል ይሻላል። ትኩሳት ሳይኖር ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው ከሰሉን ጠርጥሩ። በከሰል የተመታ ሰው ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፤ እናንተም እዚያ ቤት ውስጥ አትቆዩ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ነውና ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን የተሻላት ቢመስላትም ትመርመር፤ ጽንሱ ከእናቱ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ምክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃችሁ መጥታ ስትነግራችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ይዞት ሲመጣ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አትበሉ። እኔም በዕድሜም በሙያም ከማንም መማር እንዳለብኝ የገባኝ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ደግነቱ እኚያ እናት በሦስተኛውም ጊዜ በሕይወት መጡ።

ነገ ጎረቤታችሁ ቡና ላይ «ከሰል መታኝ» ብሎ ሲስቅ፣ አብራችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ማንደጃው የት እንዳደረ ጠይቁት።