የዱጉና እንፋሎት የቅርብ ጠበል እንዳይሆን

ወላይታ ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የከተማዋ ባለሀብት አንድ ስሌት ይዟል። ስብሰባ ይበዛል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ስለዚህ አልጋ ይሠራ። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ ጎዶሎ ግን ነው። የስብሰባ እንግዳ አበሉን ቆጥሮ ያድራል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ይሄዳል። ለሽርሽር የሚመጣው ደግሞ ሶዶ ላይ ምሳውን በልቶ ወደ አርባ ምንጭና ጂንካ ያልፋል። ሁሉም የሚያስተኛ ቤት ይሠራል፤ እንግዳው አንድ ሌሊት ጨምሮ እንዲያድር የሚያደርገውን ምክንያት የሚሠራ ግን አልተገኘም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከሶዶ በስተምሥራቅ፣ አገሩ ወደ ብላቴ ወንዝ ቆላ ሲወርድ፣ የዱጉና ፋንጎ ወረዳና የቢጠና ከተማ ይገኛሉ። በዚያ ያለው የዱጉና ተራራ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ከመሬቱ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል፤ ፍል ውሃም አለ። ቦታው በሀገሪቱ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ፍለጋ ዝርዝር ውስጥ የገባውም በዚሁ ነው። ጠዋት ከሶዶ ተነስቶ፣ በመንገድ መሪ ታጅቦ፣ እንፋሎቱን አይቶ ማታ የሚመለስ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ለገበያ የሚበቃ ዕቃ ነው። ነገር ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ ባለቤቱ ንቆታል።

ስለ እንፋሎት ሲወራ ነጋዴው የሚያስበው መብራት ነው። መብራቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በአሉቶ ላንጋኖ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር የተጀመረው በ1970ዎቹ ነበር፤ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የነበረው የሙከራ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ብዙም ሳይቆይ በቴክኒክ ችግር ምርቱ ተስተጓጎለ። አንድ የኃይል ጉድጓድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ለእግር ጉዞ የሚያስፈልገው ግን የሠለጠነ ሰው፣ የተጠረገ መንገድና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ለተወደደበት ገበያ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 6 ሰዎች እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ከፈሉ እንበል፤ ገቢው 12,000 ብር ነው። ለመኪና 5,000፣ ለ2 መንገድ መሪዎች 3,000፣ በመንደሩ ለሚዘጋጅ ምሳና ቡና 1,800፣ ለአካባቢው ማኅበር 1,000 ሲወጣ የሚተርፈው 1,200 ብር ነው። በዚህ ትርፍ ሀብታም የሚሆን የለም። ነገር ግን እነዚያ 6 ሰዎች በ3 ክፍል አንድ ሌሊት ጨምረው ቢያድሩ፣ አልጋው 1,500 ብር ቢሆን፣ ሆቴሉ 4,500 ብር ያገኛል፤ እራትና ቢራው ሳይቆጠር። ትርፉ ያለው ከተራራው ላይ ሳይሆን ከአልጋው ላይ ነው። ስለዚህ ለመንገድ መሪዎቹ ሥልጠና ቀድሞ ኪሱን መፍታት ያለበት ባለሆቴሉ ነው።

በመንገድ መሪ ላይ መሰሰት ደግሞ አደገኛ ቁጠባ ነው። የእንፋሎት አገር መሬት ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ የፈላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 በኒው ዚላንድ ዋካሪ ደሴት እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ 22 ሰዎች ሞተዋል፤ ጎብኚዎቹን የወሰዱት ድርጅቶችም ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ጎብኚ ወደ ደሴቱ አልተመለሰም። በቅርብም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የጉዳዩ ዓይነት ይለያያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ክረምት ሲከብድ ጉዞ ይዘጋል፤ ቀልጦ የቀረ ገቢ ከቀብር ይሻላል። የበጋው ወራት በወላይታ የዘመን መለወጫ በግፋታ ማግሥት ስለሚጀምር፣ ገበያው የራሱ የሆነ መክፈቻ አለው።

መሬቱ የት እንደሚከዳ ከማንም በላይ የሚያውቀው ከብቱን በዚያ የሚያሰማራው የአካባቢው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ በሩጫ የሚያስጎበኝ ድርጅት ይህን ዕውቀት በነፃ ሊወስድ አይገባም። በሰሜን ወሎ መቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማኅበረሰብ የተያዘው የተስፋ የእግር ጉዞ ገበሬው አስተናጋጅም የገቢው ባለቤትም ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። በወላይታ መሬት ጠቦ ወጣቱ ለሥራ በሚሰደድበት ጊዜ፣ በቀን ተከፍሎ በቀዬው የሚያድር መንገድ መሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለሀብቱ ሁለት ጥንቃቄ አይርሳ። አንደኛ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት በአዋጅ ቁጥር 981/2008 የሚተዳደር የፈቃድ ሀብት ነው፤ ነገ ቆፋሪ ሊመጣ ስለሚችል በእንፋሎቱ አጠገብ ሎጅ ለመሥራት ከመሮጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል። እግረኛ ግን ዛሬ ቢያልፍ የማንንም ጉድጓድ አይደፍንም። ሁለተኛ፣ ዱጉና ብቻውን አይሸጥ። ከሶዶ በላይ ያለው የዳሞታ ተራራ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት የሰው ልጅ ይጠለልበት የነበረውን የሞቸና ቦራጎ ዋሻ ይዟል። አንዱን ቀን በእንፋሎት፣ ሌላውን በዋሻ ማዋል የቻለ ሻጭ ሁለት ሌሊት ሸጠ ማለት ነው።

በሶዶ ሌላ ፎቅ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሆቴሎች አዋጥተው አሥር የቢጠና ወጣቶችን ቢያሠለጥኑ፣ ወጪው ከአንድ ክፍል የቤት ዕቃ ብዙ የሚበልጥ አይመስልም። ባዶ የሚያድረውን ክፍል የሚሞላው ግን የቤት ዕቃው ሳይሆን እነሱ ናቸው።