የሮማ ቁጥር በገብስ አገዳ

የግሼና የመንዝ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ስንት ዓይነት የቁጥር ምልክት እንደሚገጥመው አስባችሁ ታውቃላችሁ? በመድረሳ የዐረብኛው፣ በትምህርት ቤት 1፣ 2፣ 3፣ በአማርኛ መጽሐፍ ፩፣ ፪፣ ፫፣ በግድግዳ ሰዓት ላይ ደግሞ የሮማው። የመድረሳው አምስት የትምህርት ቤቱን ዜሮ ስለሚመስል ቢደናገር አይፈረድበትም።

ለሮማው ጠመኔም ደብተርም አያስፈልግም። ከአውድማ ዳር ጥቂት የገብስ አገዳ ሰብስባችሁ ስጡት። አንዱን ሲያቆም አንድ፣ ሁለቱን ከታች ጫፍ ለጫፍ ሲያጋጥም አምስት፣ ሁለቱን ሲያጠላልፍ ዐሥር ነው። ከአምስቱ በስተግራ አንድ ቢያቆም አራት፣ በስተቀኝ ቢያቆም ስድስት ይሆናል። ራሱ እያዘዋወረ ይድረስበት፤ አትቅደሙት። (ብዙ ሰዓቶች አራትን በአራት ቋሚ ስለሚጽፉ ጠያቂ ልጅ ይይዛችኋል!) ቀጥሎ መሬት ላይ ሰዓት ሥሩ። የእኛ አንድ ሰዓት የሚውለው በሰባቱ ላይ ነውና ስድስት መጨመርና መቀነስን እየተጫወተ ይለምዳል።

ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። «መቶ አምስት ጻፍ» የተባለ ልጅ 1005 ቢጽፍ ብዙዎቻችን እንቆጣለን። የጻፈው የሰማውን ነው። በግዕዝ ፻፭ ሲጻፍ መቶና አምስት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በሮማውም እንዲሁ። ሁለቱም ዜሮ የላቸውም። የሕንድን አቆጣጠር ከነዜሮው ተቀብለው ካስፋፉት አንዱ በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ ነው። እናንተም የመቶ፣ የዐሥርና የአንድ ሦስት ሳጥን ሥሩለት። አንድ አገዳ በመቶው፣ አምስት በአንዱ ሲያስቀምጥ የመሐሉ ባዶ ይቀርበታል። «እዚህስ ምን ልጻፍ?» ሲላችሁ ዜሮን ያኔ ንገሩት።