ቀዩን ሸጠን ነጩን ለዘር?

በበዓል ሰሞን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገበያ የወጣ ያውቀዋል፤ ቀድሞ የሚጠየቀው ቀዩ አውራ ዶሮ ነው። ድርብ ኩክኔ ካለውማ ዋጋው አይቀመስም። ነጩ ሲመዘን ሲገላበጥ ውሎ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያማ የግቢው አባወራ እሱ ይሆናል! ጫጩቶቹ ሲነጡብን "ዕድላችን ነው" እንላለን።

ዕድል አይደለም ወገን! "የፈረንጅ" የምንለው የሌግሆርን ነጭነት ሌላውን ቀለም ይሸፍናል። ንጹሕ ሌግሆርን ከቀይ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ በአብዛኛው ነጭ ይሆናሉ። ቀለሙ ግን ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። ክልሶቹ እርስ በርስ ቢዳቀሉ በአማካይ ከ4 ጫጩት 1ዱ ባለቀለም ይሆናል፤ ቀይ አውራ ቢያገኙ ደግሞ 2ቱ።

እኛ ይህን ለፈተና የሸመደድነው በሜንዴል አተር ነው። ቤትሰን ግን የሜንዴል ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዶሮ ኩክኔ ነበር፤ እናቶቻችን ጓሮ በሞላው!

የዶሮ ብር የእናቶቻችን የጨውና የደብተር ብር ነው። የባዮሎጂ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ከአተሩ ወደ ዶሮው ቢመጡልን ምናለ? እስከዚያው ግን ቀዩን ሁሉ አንሽጥ፤ አንዱ ለዘር ይቅር።