የባቢሌ ለውዝና ቢጫው ጀሪካን

ባለፈው እትም «ነጻ ንግድ ለሁሉም ይበጃል» ብሎ የጻፈው ወንድማችን ብዕሩ ይባረክ፤ እኛ ግን ነገሩ አልተዋጠልንም። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሐረርጌ ገበሬ ጫቱን ይሽጥ፣ ሩዙንና ዘይቱን ከረከሰበት ይግዛ። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ከሐኪም ጋራ ቁልቁል ሲያዩት ግን ሌላ ነው።

እስቲ ወደ ጀጎል እንውረድ። ጉልት ላይ እናቶቻችን ለውዝ በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ለውዙ የመጣው እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከባቢሌ ነው፤ ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከሻጯ ጀርባ ያለው ሱቅ የደረደረው ግን ቢጫ ጀሪካን፣ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ ባሕር አቋርጦ የመጣ የፓልም ዘይት! እሷም ማታ ወጧን የምትሠራው በሱ ነው። ጉድ አይደለም ትላላችሁ?

«ርካሽ ስለሆነ ነዋ» ይለናል። ለመሆኑ ርካሽነቱን ማን ሠራው? ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት የፓልም ዘይት በመንግሥት ተመን በሸማቾች ማኅበራት ሲታደል ኖሯል። ለባቢሌ ለውዝ እንዲህ የታሰበለት መቼ ነው? አገሪቱ ሰሊጧን ጥሬውን ለቻይናና ለእስራኤል ትሸጣለች፤ መልሳ በዶላር ዘይት ትገዛለች። ይህን «ነጻ» ማለት በቃሉ መቀለድ ነው።

ዓይናችንን ግን አንጨፍንም። ለውዛችን ዕንከን አለበት። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። መድኃኒቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም፦ በደንብ ማድረቅ፣ የተበላሸውን መልቀም፣ ደረቅ ጎተራ። የተማሪ ሥራ ይህ አልነበረም እንዴ? እኛ ግን ፈተና አልፈን አዲስ አበባ መግባትን ነው የምናልመው።

የሄይቲንም ነገር እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የነበረው ቀረጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ የአሜሪካ ሩዝ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ የአገሬው ሩዝ አምራች ከሰረ። ያን ፖሊሲ የገፋው ቢል ክሊንተን ራሱ በ2010 በአገሩ ሴኔት ፊት ቀርቦ ስሕተት እንደነበር አመነ። ያመነው ግን ገበሬው ማሳውን ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ንግድ ጠል ናችሁ እንዳንባል፤ ሐረር እኮ በንግድ የኖረች ከተማ ናት። ቡናዋ በዘይላ በኩል ባሕር ሲሻገር አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ይቀርጹ፣ በበሩ ከሚያልፈውም ይቀርጡ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ በረኛም ነበረው።

እንግዲህ የምግብ ቤት ኮሚቴያችን በወር ጥቂት ሊትር የለውዝ ዘይት አስጨምቆ ይሞክር እንላለን። የሚጨመረውን ዋጋም እናዋጣለን። ወንድማችን መልስ ካለው ቅዳሜ ኤረር በር እንጠብቀዋለን፤ ለውዙ በኛ ነው።