በሳንጃ ሐሩር ያልተፈተነ ባትሪ

ዛሬ የሊቲየም ባትሪ ያልደረሰበት አገር የለም። ከጎንደር ደጋ ወደ ሳንጃ ቆላ የሚወርደው መንገደኛ በስልኩ ውስጥ ይዞት ይወርዳል፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በመኪናም እየመጣልን ነው። ነገር ግን ከመካከላችን በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

በውስጡ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሊቲየም ቅንጣቶች ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚሻገሩበት ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም ተቀጣጣይ ነው። ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787 «ንግሥተ ሳባ» በለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ጣሪያው ከጭራው አጠገብ ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የአደጋ መጠቆሚያው መሣሪያ የሊቲየም ሜታል ባትሪ ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው በመነካካታቸው ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ሰው አለመኖሩ በጀ።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው? ፈሳሹን አውጥቶ ጠጣር ፖሊመር ማግባት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለው ፕላስቲክ ከጨው ጋር እንደሚዋሐድ አሳዩ፤ በ1978 ሚሼል አርማን ይኸው ለባትሪ እንዲውል አሳሰበ። ከ2011 እስከ 2018ም በፓሪስ የኪራይ መኪናዎች ነድቶበታል።

ሆኖም እንከን አለበት። ፖሊመሩ ደኅና አድርጎ የሚያስተላልፈው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። እንግዲህ የሳንጃ ሐሩር ፈሳሹን ባትሪ ያስረጀዋል፤ ፖሊመሩን ለመቀስቀስ ግን አይበቃም። በ2022ም በዚያው በፓሪስ ይህንኑ ባትሪ የጫኑ ሁለት አውቶቡሶች ተቃጥለው 149 አውቶቡሶች ለጊዜው ከመንገድ ወጥተዋል። ጠጣር ስለ ሆነ ብቻ አይነድም ማለት አይደለም።

ስለዚህ የፓሪስ ምስክርነት ለቆላችን ዋስ ሊሆን አይችልም እንላለን። የሚያስፈልገን ሳያሞቁት የሚሠራ፣ በቆላም የማይደክም ፖሊመር ነው። መሣሪያ የለንም የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እርግጥ ሊቲየሙ ራሱ እርጥበት የማይገባው ሣጥን ይሻል፤ ፖሊመሩን ከጨው ጋር አዋሕዶ፣ አስስቶ፣ በየሙቀቱ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ መለካቱን ግን በኬሚስትሪ ክፍላችን መጀመር ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ለምትፈልጉ ሁሉ እነሆ አርእስት! ሐሩሩን ሳንጃ በነፃ ትሰጣለች፤ ድካሙን እኛ እንጨምርበት።